«ማናጀሩ» የሚባለው ባሌ

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጅማ ነው። ባለቤቴ 19 ዓመት ባንክ ሠርቷል፤ የመጨረሻዎቹን 6 ዓመታት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ። ጎረቤቱ ሁሉ «ማናጀር» ነው የሚለው፤ እኔም ስልኬ ላይ የመዘገብኩት እንደዚያ ነው። ከአራት ወር በፊት ከቦታው አነሱት፤ ተናዶ መልቀቂያ አስገባ። አሁንም ጠዋት ጺሙን ይላጫል፣ ሸሚዙን ይለብሳል፣ ከዚያ ሳሎን ቁጭ ይላል። ፈረንጅ አራዳ በሚባለው ሰፈር በኩል አያልፍም። እንግዳ ሲመጣ መኝታ ቤት ይገባል። አጋሮ አካባቢ ያባቱ የቡና ማሳ አለ። «እሱን ያዝ» ስለው «ገበሬ ልታደርጊኝ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስልክሽ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ጎረቤቱም ሚስቱም ለስድስት ዓመት በሥራው ከጠሩት፣ ሥራው ሲሄድ መጠሪያውም አብሮ ሄደ። ሰው የሚሸሸው «አሁን ምን ብለው ይጠሩኛል?» እያለ ይመስለኛል። ኩራት አለበት፣ አልክድም። አብዛኛው ግን ሐዘን ነው። ችግሩ፣ ለዚህ ዓይነቱ ሐዘን ድንኳን አይጣልም፤ ለቀስተኛም አይመጣም።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ማሪ ያሆዳና ባልደረቦቿ ማሪየንታል የምትባል የኦስትሪያ መንደር ገቡ። ፋብሪካው ተዘግቶ መንደርተኛው ሥራ ፈትቷል። አጥኚዎቹ ሰዓት ይዘው የመንገደኛውን እርምጃ ለኩ። ወንዶቹ ዝግ ይላሉ፣ በየመሃሉ ይቆማሉ። ሴቶቹ ግን ፈጠን ይላሉ፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቃቸው ሥራ አለ። የሚገርመው፣ ጊዜ ተርፏቸው እያለ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ እንኳ ቀነሰ። ሥራ ከደመወዝ ሌላ ለቀናችን ቅርጽ ይሰጣል፤ ከሰው ያገናኛል፤ ቦታ ያሲዛል። ባልሽ የሚላጨው ያንን ቅርጽ ላለመልቀቅ ነው። አደራ፣ «የት ልትሄድ ነው?» እያልሽ አትቀልጂበት።

የማሳውን ነገር ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ አቀራረብሽን አልወደድኩትም። እሱ የሰማው «ከእንግዲህ ይሄ ነህ» የሚል ነው። አንዱን ካባ አውልቀሽ ሌላ ልትደርቢለት። ቡናው ሲቀላ «ለቀማውን ብቻዬን አልችለውም፣ ቅዳሜ አብረን እንሂድ» በይው። ለአንድ ቀን ብቻ። አልሄድም ካለ ተይው፤ በሌላ ቅዳሜ ደግሞ ጠይቂው። ዕድር ውስጥ ኃላፊነት እንዲሰጡት ግን ለጊዜው አታስለምኝለት፤ እዚያም ሄዶ ማናጀር ይሆናል። እስከዚያው ስልክሽ ላይ ያለውን ቀይሪና በስሙ ጥሪው።

እንቅልፍና ምግብ ከራቀው ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ ግን ቅዳሜን አትጠብቂ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሐኪሞች አሉ፤ ይዘሽው ሂጂ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «የማናጀሩ ሚስት» ሲሉሽ አንቺስ ደስ አይልሽም ነበር? ከነበር ንገሪው። ያጣው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ይወቅ።