መልስ፦ የጠመንጃ መነጽር ከአሜሪካ በሻንጣ ይዞ ስለመግባት

ሰላም ወንድሜ። አባትህ ፈቃድ ላላቸው ጠመንጃ ታላቅ ወንድምህ ከአሜሪካ የማነጣጠሪያ መነጽር በሻንጣ ይዞ ድሬዳዋ ቢገባ ችግር አለው ወይ ብለሃል። አዎ፣ አለው። ዛሬውኑ ደውልለትና ሳይገዛ ይቆይ።

የአባትህ ፈቃድ ለጠመንጃው ነው። መነጽር ከውጭ ለማስገባት አይሆንም። የመሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ 1177/2012 ለፌዴራል ፖሊስ የተሰጠ ስለሆነ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ። ቀረጥ እከፍላለሁ ማለት ብቻውን ጉምሩክ አያሳልፍም። ኤክስሬይ ላይ ያ ሁለት ጫፉ ሰፋ ያለ ረጅም ቱቦ ወዲያው ይለያል። ተራ የሩቅ ማያ መነጽር እንኳ ቦሌ ላይ ሰው ያስቆማል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን የአሜሪካውን በኩል ነው። እዚያ የጠመንጃ መነጽር ወደ ውጭ ሲወጣ የንግድ ሚኒስቴራቸው ይቆጣጠረዋል። በሻንጣ መያዝም እንደ መላክ ነው የሚቆጠረው። ያለ ፈቃድ ከተገኘ ወንድምህ ሊከሰስ ይችላል። የሌሊት ማያ ከሆነማ ቁጥጥሩ ይብሳል።

«ከጅቡቲ በደወሌ የሚያስገባልህ ሰው አለ» የሚልህን ደግሞ እባክህ አትስማ። ኮንትሮባንድ ነው፤ ከዕቃው ጋር አባትህም ጣጣ ውስጥ ይገባሉ።

ፖሊስ ጋ ስትሄዱ የጠመንጃውን ፈቃድ ኮፒና የመነጽሩን ሞዴል ያዙ።