ኤፖክሲው አልደርቅ አለኝ

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነኝ። ለአምባዛ የሚሆን የማጥመጃ ዘንግ ራሴ ሠርቼ፣ ቀለበቶቹ የታሰሩበትን ክር ኤፖክሲ (ሙጫና ማጠንከሪያ ተቀላቅለው የሚጠነክር ፈሳሽ) ቀባሁት። ቀናት አለፉ፣ አሁንም እጅ ላይ ይጣበቃል። ልፋቀው?

መልስ፦ ኧረ አትፋቀው! ችግሩ ልኬቱ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ቶሎ ይደርቃል ብሎ ማጠንከሪያውን ጨመር ያደርጋል፤ ያኔ ጭራሽ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። የዘንግ ኤፖክሲ አብዛኛው ሙጫውና ማጠንከሪያው እኩል በእኩል ነው፣ ስለዚህ በዓይን ግምት ሳይሆን ሁለቱን በየራሳቸው ሲሪንጅ ለክተህ፣ የዕቃውን ጥጋጥግ እየጠረግክ ቀስ ብለህ አዋህደው፣ ከተጣደፍክ አረፋ ይሞላዋል። ከዚያ ስስ አድርገህ በላዩ ደርብበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። እስኪረጋ ዘንጉን አግድም ይዘህ አዟዙረው፣ አለዚያ በአንድ በኩል ይንጠለጠላል። ጓንት አትርሳ። ሐይቁ ዳር ደግሞ አትቀባ፣ ነፋሱ አቧራ ይለጥፍበታል።