ሩኩ ኤ1 የሚወርደው መቼ ነው? የአንባቢዎች የቼዝ ጥያቄ

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን የቼዝ ክበብ ሁለት ልጆች ብርቱ ጨዋታ ተጫወቱ። ነጭ የ13 ዓመት ወንድ ልጅ፣ ጥቁር የ14 ዓመት ሴት ልጅ ናት። ከ41ኛው እንቅስቃሴ ጀምሮ ስቶክፊሽ (የቼዝ ኮምፒውተር ፕሮግራም) ያለማቋረጥ 0.00፣ ማለትም እኩል፣ ይላል፤ 60ኛው ላይ ግን ነጭ በድንገት አሸናፊ ሆነ። ከ58ኛው በፊት ነጭ ንጉሥ ዲ5፣ ሩክ ኤች7፣ ወታደር ኢ5፤ ጥቁር ንጉሥ ኢ8፣ ሩክ ኤ6 ነበሩ። ቀጥሎ፦ 58. ወታደር ኢ6፣ ሩክ ኤ5 ቼክ፤ 59. ንጉሥ ዲ6፣ ሩክ ኤ6 ቼክ፤ 60. ንጉሥ ኢ5፣ ሩክ ኤ5 ቼክ፤ 61. ንጉሥ ኤፍ6፣ ጥቁር እጅ ሰጠች። ልጅቷ «58ኛው ላይ አበላሸሁት» ትላለች። ልክ ናት? ጨዋታውንስ እንዴት እንገምግመው?

መልስ፦ ልክ አይደለችም። 58ኛው ቼክ ከምርጡ የራቀ ቢሆንም ጨዋታው ገና እኩል ነው። ያሸነፋት 60ኛው ነው።

ከ58ኛው በፊት ያለው አቋም የፊሊዶር አቋም ይባላል፤ ፈረንሳዊው የቼዝ ተጫዋች ፊሊዶር በ1777 እ.ኤ.አ. የተነተነው ነው። ጥቁር ሩኳን ስድስተኛው ረድፍ ላይ ይዛ የነጭ ንጉሥ እንዳይገፋ ታግዳለች። እስከ 57ኛው ድረስ በትክክል ሠርታዋለች፤ ይህንን ሳይነግሯት ወደ ስህተቱ አይለፉ። ወታደሩ ኢ6 ሲረግጥ ግን የሩኩ የስድስተኛ ረድፍ ሥራ አበቃ። ያኔ ኤ1 ወርዶ ከኋላ ቼክ መስጠት ነበረበት። ንጉሡ ከኋላ ቼክ የሚሸሸግባት ካሬ ኢ6 ነበረች፤ አሁን የራሱ ወታደር ይዞበታል።

59ኛው ላይ ደግሞ ያው ኤ1 ይገድላታል፦ ንጉሡ ዲ6 ስለቆመ ሩክ ኤች8 ማት ነው። ስለዚህ ኤ6 ቼክ ማለቷ ትክክል ነበር። 60ኛው ላይ ኤ1 እንደገና አዳኝ ይሆናል፦ 61. ንጉሥ ኤፍ6፣ ሩክ ኤፍ1 ቼክ፤ 62. ንጉሥ ኢ5፣ ሩክ ኢ1 ቼክ፤ 63. ንጉሥ ዲ6፣ ሩክ ዲ1 ቼክ። ነጭ መደበቂያ የለውም።

እሷ ግን ከጎን ቼክ ቀጠለች። ንጉሡ ኤፍ6 ሲደርስ የኢ6 ወታደር ከስድስተኛው ረድፍ ይጋርደዋል፤ ኤፍ5 ላይ ቼክ ብትል ሩኩ ይበላል። ሌላውም አያዋጣም፦ ንጉሥ ኤፍ8 ቢሄድ ሩክ ኤች8 ማት፤ ዲ8 ቢሄድ ሩክ ኤች8 ቼክ፣ ንጉሥ ሲ7፣ ወታደር ኢ7፣ ከዚያ ንግሥት ይሆናል።

ስቶክፊሽ አንድ አዳኝ እንቅስቃሴ ላለውም አሥር ላለውም አቋም ያንኑ 0.00 ይሰጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ዝጉት። ሁለቱ ልጆች አብረው ይቀመጡ፤ እያንዳንዳቸው የተጠራጠሩባቸውን ሦስት ቦታዎች ለየብቻ ይጻፉ፣ ከዚያ ያወዳድሩ። ኢንጂኑ (ስቶክፊሽ) የሚከፈተው በመጨረሻ ነው፤ ሲከፈትም ሦስት መስመር እንዲያሳይ ይደረግ፣ ያኔ ሁለተኛው አማራጭ ምን ያህል እንደሚርቅ ይታያል። በየእንቅስቃሴው ጎን የቀረውን ሰዓት መጻፍም ይልመዱ፤ 60ኛው በ8 ሰከንድ የተጫወተ ከሆነ ችግሩ የእውቀት ላይሆን ይችላል።

ለልምምድ የ58ኛውን አቋም ከነጭ ኢ6 በኋላ አስቀምጡና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ ሰጥታችሁ አምስት ጊዜ አጫውቱ፣ በየዙሩ ቀለም እየቀያየሩ። ነጭ ሆነው ንጉሡን ለመደበቅ መሞከራቸው ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ሰዓት ሲያጥር መጻፍ ማቆም ይፈቀዳል?

መልስ፦ በፊዴ (ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን) ሕግ ከአምስት ደቂቃ በታች ከቀረ እና በየእንቅስቃሴው የሚጨመረው ጊዜ 30 ሰከንድ ካልደረሰ፣ አዎ። 30 ሰከንድ የሚጨመር ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው መጻፍ ግዴታ ነው። ከላይ ባየነው ዓይነት የቼክ ድግግሞሽ ይህ ይጠቅማል፦ አቋሙ ሦስተኛ ጊዜ ሊደገም ሲል እንቅስቃሴውን ሳይጫወቱ ወረቀቱ ላይ ጽፈው ለዳኛው ያሳውቃሉ፣ እኩል ይጠይቃሉ። ቀድመው ከተጫወቱት ግን መጠየቅ የሚችለው ተራው የደረሰው ተቃራኒ ነው።