ማሳከኩ ጠፋ፤ ከንፈሬ ግን ለምን ጠቆረ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ሲሆን ጅማ ከተማ የምኖር መምህርት ነኝ። በክርኔ፣ በጉልበቴና በመቀመጫዬ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ እየወጣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክከኝ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኛል። መጀመሪያ እከክ ነው ተብሎ ቅባት ተሰጠኝ፤ አልተሻለኝም። በኋላ ከቆዳዬ ናሙና ተወስዶ ሕመሙ በስንዴና በገብስ ውስጥ ከሚገኘው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ጋር የተያያዘ መሆኑ ታወቀና በቀን 100 ሚሊ ግራም ዳፕሶን ታዘዘልኝ። ማሳከኩ በሦስተኛው ቀን ቆመ። ሦስተኛ ሳምንቴን ስይዝ ግን ራሴን ያመኝ፣ ደረጃ ስወጣም ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር፤ ከንፈሬም ጠቁሯል። ጎረቤቴ ደግሞ «ይህ እኮ የሥጋ ደዌ መድኃኒት ነው» ብላ አስደነገጠችኝ። ቆዳዬ ስለዳነ መድኃኒቱን ባቆመውስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ በደረሰን ዕለት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪምዎ እንዲሄዱ በስልክ ነግረንዎታል። እዚህ የምጽፈው ምክንያቱን ለእርስዎም፣ ይህንኑ መድኃኒት ለሚወስዱ ሌሎች አንባቢዎችም ለማስረዳት ነው።

ዳፕሶን በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን በከፊል ኦክስጅን ወደማይሸከም ዓይነት ይለውጠዋል፤ ከንፈርና የጥፍር ሥር የሚጠቁረው፣ ራስ የሚታመመውም በዚህ የተነሳ ነው። ከዚህ ሌላ 120 ቀን ገደማ መኖር የሚገባቸውን ቀይ ሴሎች ያለጊዜያቸው ስለሚሰብር የደም ማነስ ያስከትላል። ሁለቱም ከመጠኑ ጋር ስለሚጨምሩ ብዙ ሐኪሞች በ25 ወይም በ50 ሚሊ ግራም ይጀምራሉ። ጂ ስድስት ፒ ዲ የተባለው ኢንዛይም በዘር የሚያንሳቸው ሰዎች ደማቸው በብርቱ ሊሰበር ስለሚችል፣ ምርመራው ኪኒኑ ከመጀመሩ በፊት ቢደረግ ይመረጣል። በጊቤ ቆላ ወባ ይዟችሁ ፕሪማኩዊን የታዘዘላችሁ አንባቢዎችም ይህ ኢንዛይም የሚያንሳችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ፕሪማኩዊንም በዚሁ መንገድ ደም ይሰብራልና።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ትኩሳት፣ የጉሮሮ ቁስለት ወይም የአፍ ውስጥ ቁስል ከመጣ ነጭ የደም ሴሎች ወርደው ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ከአዲስ ሽፍታና ከዓይን ቢጫ መሆን ጋር ከመጣ ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ የመድኃኒት አለርጂ ሊሆን ስለሚችል፣ ኪኒኑን ሳይወስዱ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል። ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረም እንዲሁ ነው።

ጎረቤትዎ ያሉት በከፊል እውነት ነው፤ ዳፕሶን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ለሥጋ ደዌ ይሰጣል። ለእርስዎ የታዘዘው ግን ቆዳን የሚያቆስለውን ብግነት ስለሚያበርድ ነው። ሥጋ ደዌ የለብዎትም፤ ሕመምዎም ወደ ሰው አይተላለፍም።

ኪኒኑን ማቆም፣ መቀነስ ወይም መለወጥ ሐኪምዎ ደምዎን መርምሮ የሚወስነው ነው። እኔን በጣም ያሳሰበኝ ግን በደብዳቤዎ ስለ ምግብ አንድም ቃል አለመኖሩ ነው። ዳፕሶን ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ ግሉተን አንጀት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አይነካም፤ ስንዴና ገብስ እየበሉ ቢያቆሙት ሽፍታው በጥቂት ቀናት ይመለሳል። ከግሉተን በጥብቅ የራቀ ሰው ግን መጠኑን ቀስ በቀስ ቀንሶ ብዙውን ጊዜ እስከ መተው ይደርሳል፤ ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይፈጃል።

ዳቦ፣ የስንዴ ቂንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ጠላና ቢራ ይቅሩብዎ። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ቆጮ በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም፤ ጅማ ላይ ደግሞ እነዚህን ማግኘት አይቸግርም። የሚያታልለው ከገበያ የሚገዛ እንጀራ ነው፤ ገብስ ወይም ስንዴ ሊቀላቀልበት ይችላል። ጤፍዎን ራስዎ ቢያስፈጩም ከእርስዎ በፊት ገብስ የተፈጨበት ወፍጮ የቀረውን ዱቄት ከእርስዎ ጋር ያወጣዋል። ስለዚህ የወፍጮ ቤቱን ሰው ጠይቀው ከጤፍ በኋላ ተራ ይያዙ፤ መጀመሪያ የሚወርደውንም ዱቄት ለብቻው ያስቀምጡና ለሌላ ሰው ይስጡት።