ጉግል ድረ ገጼን አያውቀውም፤ ልክፈል?

ከሐይቅ ከተማ አንዲት ባለ እንግዳ ማረፊያ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ድረ ገጻችን ከተከፈተ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ጉግል ላይ የማረፊያውን ስም ስጽፍ የቴሌግራም ቻናላችን ይመጣል፣ ድረ ገጹ ግን የለም። የሠራልኝ ልጅ በብዙ መፈለጊያዎች አስመዘግብልሻለሁ ብሎ ተጨማሪ ብር ጠየቀኝ። ልክፈለው?»

እህት ዓለም፣ አይክፈሉ። ጉግልም ሆነ የማይክሮሶፍቱ መፈለጊያ ቢንግ ገጽ ለመመዝገብ ከማንም ሳንቲም አይቀበሉም። መጀመሪያ መጣራት ያለበት ገጹ ራሱ «አትግቡ» እያለ እንደሆነ ነው።

ጉግልን ይክፈቱና በእንግሊዝኛ ፊደል «ሳይት» ብለው፣ ሁለት ነጥብ አድርገው፣ ክፍተት ሳይተዉ የድረ ገጹን አድራሻ ያስከትሉ። ሁለት ነጥቡን ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ ይምቱት፤ የአማርኛው ቢመስለውም ለጉግል ሌላ ምልክት ነው። የእርስዎን ሞከርኩት፤ አንድም ገጽ አልመጣም። ቀጥዬ የገጹን ኮድ ስከፍት «ኖኢንዴክስ»፣ ማለትም ለመፈለጊያዎች «ይህን ገጽ አትመዝግቡ» የሚል ትእዛዝ ተቀምጦበታል። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ልጁ ያላለቀ ሥራ እንዳይታይ ብሎ ዘግቶት፣ ሲያስረክብ መክፈቱን ረስቷል። ደሴ ላይ አዲስ ድረ ገጽ ይዘው ከሚመጡብኝ ሰዎች የብዙዎቹ ጣጣ ይህችው ናት።

ገጹ የተሠራው ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ስለሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሪዲንግ ውስጥ ይግቡ። መፈለጊያዎች ገጹን እንዳይመዘግቡ የሚጠይቀው ሳጥን ላይ ያለውን ምልክት አንስተው ሴቭ ያድርጉ። የካሽ ፕለጊን (ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ቅጂውን የሚያስቀምጥ ተጨማሪ) ካለ እሱንም ያጽዱ፤ አለዚያ አሮጌው ትእዛዝ እዚያው ይቆያል። መፈለጊያዎች የትኛውን ገጽ መጎብኘት እንደሚችሉ የሚነግረውን ሮቦትስ የሚባል ፋይልም አይቼዋለሁ፣ የእርስዎ ንጹሕ ነው።

ቀጥሎ ጉግል ሰርች ኮንሶል፤ ጉግል ድረ ገጽዎን እንዴት እንደሚያየው የሚያሳይ መሣሪያ ነው። በነፃ ነው። በራስዎ ጂሜይል ይክፈቱት፣ በልጁ አይሁን፤ ነገ ከተጣላችሁ ቁልፉ እሱ ጋ ይቀራል። የገጹ ባለቤት መሆንዎን ካረጋገጡ በኋላ ሳይትማፑን፣ ማለትም የድረ ገጹን ገጾች ዝርዝር፣ ያስገቡ። ዎርድፕረስ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ማለትም ከ5.5 ጀምሮ፣ ራሱ ያዘጋጀዋል። ከዚያ የመግቢያ ገጹን አድራሻ ከላይ ባለው መፈተሻ አስገብተው ኢንዴክስ እንዲደረግ (እንዲመዘገብ) ይጠይቁ፤ አንድ ጊዜ ይበቃል፣ መደጋገሙ አያፈጥነውም። ከጥቂት ቀን እስከ ጥቂት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የቢንጉ መሣሪያ ደግሞ ከፍተው ካዘዙት መረጃውን ከሰርች ኮንሶል ይወስዳል፤ እንደገና ከባዶ መጀመር የለብዎትም።

አሁን ወደ ባሰው ልምጣ። «ስለ እኛ» ከሚለው ገጽ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጌ ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው የወጣው አማርኛ ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። ጽሑፉ ከድሮ ብሮሹር የተወሰደ መሰለኝ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ላቲኑን የአማርኛ መልክ ብቻ ያለብሱት ነበር፤ በእነሱ መጻፍ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ቀጥሏል። ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለጉግል ግን ትርጉም የሌለው ኮተት። መግቢያው ገጽ ደግሞ ዋጋውም ስልኩም ያለበት አንድ ትልቅ ፖስተር ነው። ምስል ላይ ያለ ጽሑፍን እንደ ጽሑፍ ይነበብልኛል ብለው አይመኑ። ለልጁ ብር መስጠትዎ ካልቀረ፣ ይህን ሁሉ በዩኒኮድ ፊደል እንደገና እንዲጽፈው ይክፈሉት።

ሲጻፍም «ምቹና ዘመናዊ አገልግሎት» የሚለውን ለሌሎች ይተዉላቸው፤ ያንን ብሎ ጉግል ላይ የሚፈልግ ሰው የለም። እንግዳ በስልክ የሚጠይቅዎትን ይጻፉ፦ ከደሴ በምን ይኬዳል? ከሐይቁ ዳር ምን ያህል ይርቃል? እስጢፋኖስ ገዳም ለመሳለም ከየት ይነሣል? በወልዲያ አድርጎ ወደ ላሊበላ የሚያልፍ ሰው ሲመሽበት ቢደርስ በር ይከፈትለታል ወይ? ሰርች ኮንሶል ገጹን አይቶት እንዳልመዘገበው ከነገረዎት፣ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እንዲህ ያለው ጽሑፍ ነው።

የድረ ገጹን አድራሻ ቴሌግራም ቻናሉ መግለጫ ላይና ጉግል ካርታ ላይ ባለው የማረፊያው ስም ሥር ያስገቡ። ይህንን ዛሬውኑ ከስልክዎ መጨረስ ይችላሉ።