ዙር ለቸኮላችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ቅዳሜ ልምምድ ስትገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ሁሌም አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ዙሩን መቼ ነው የምታሳዪን?» ስልካችሁ ላይ ያያችሁት ነው። አንዲት ልጅ ከመድረኩ ጥግ ተነስታ እንደ እንዝርት እየሾረች ማዶ ትደርሳለች። እኔም በእናንተ ዕድሜ ልቤ የጠፋው በዚሁ ዙር ነው።

ስሙ ሼኔ ይባላል። የባሌት ዳንስ ቃል ነው፤ በፈረንሳይኛ በሰንሰለት የተያያዘ እንደማለት ነው። የሰንሰለቱ ቀለበት ግማሽ ዙር ነው። አንድ ስትራመዱ ግማሽ ትዞራላችሁ፤ ሁለተኛውን ስትራመዱ ሌላውን ግማሽ። ሁለቱ ሲገጥሙ አንድ ሙሉ ዙር ይሆናል። ለተመልካች መሽከርከር ይመስላል። ለሚሠራው ግን እርምጃ ነው። ይህ ለእኔ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በደርግ ጊዜ አንድ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ያሠለጠነን ሰው «ፍጠኚ!» ከማለት ሌላ ምንም አልነገረኝም። ፈጠንኩ። ወዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን መስመሬን ስቼ ከግድግዳ ጋር ተጋጨሁና ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ሁለት ወር አነከስኩ። እግሩስ ዳነ። ፍርሃቱ ነው ያልለቀቀኝ፤ ለዓመታት ዙር በመጣ ቁጥር ሰውነቴ ድርቅ ይል ነበር። እናንተን የማላስቸኩላችሁ ለዚህ ነው።

እስክስታ ያደገበት ሰው ሼኔ ላይ የሚቸገረው አንገቱ ላይ ነው። እስክስታ ላይ አንገትና ትከሻ እየተቀባበሉ ይጫወታሉ። እዚህ ግን ይለያያሉ። ዓይናችሁን የምትሄዱበት ቦታ ላይ ትከሉ። ሰውነት ይዙር፣ ዓይን እዚያው ይቆይ። አንገት ከዚህ በላይ አልሄድም ሲል ጭንቅላት ቶሎ ዞሮ፣ ሰውነትን ቀድሞ፣ ያንኑ ቦታ መልሶ ይያዝ።

ይህ ለማሳመር ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ጆሯችን ውስጥ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቀጫጭን ቦዮች አሉ። ስንዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፤ እኛ ስንቆም እሱ ወዲያው አይቆምም። ቤቱ የሚዞርብን ለዚህ ነው። ዓይን የሚይዘው ነገር ሲያገኝ ማዞሩ ይቀንሳል፤ መስመሩም አይጠፋም።

ቤት ውስጥ እንዲህ ሞክሩት። ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ታውቁታላችሁ፤ ከቤት ከጠፋ ከጎረቤት ተዋሱ። ሁለት በርጩማ ፊትና ኋላ አስቀምጡና በመካከላቸው በጠመኔ መስመር አስምሩ። ከወዲያኛው በርጩማ ጀርባ ግድግዳው ላይ በዓይናችሁ ልክ ቀይ ጨርቅ ለጥፉ። ከዚያ ያለ ሙዚቃ፣ ተረከዝ ሳታነሱ፣ አራት እርምጃ ብቻ። እርምጃው አጭር ይሁን፤ እግር ከእግር ከራቀ ሚዛን ይሄዳል። እጆቻችሁ ትልቅ ድስት እንዳቀፈ ሰው ከደረት ፊት ይክበቡ። ክንድ ሲበተን ዙሩ ይዘገያል፤ ሲሰበሰብ ይፈጥናል። ተረከዝ ማንሳቱ በኋላ ይመጣል፣ ፍጥነቱም እንዲሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጅማ ነንና ዝናቡ አይቀርም። እርጥብ ጫማ አድርጋችሁ ሲሚንቶ ላይ አትዙሩ። ካልሲ ብቻ አድርጎ መዞርም ያው ነው፣ ያንሸራትታል። ቀድማችሁ ድረሱና ጫማችሁን በደንብ አድርቁ። ልምምዱን አምስት ደቂቃ አርፍደን ብንጀምር ምንም አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ከመካከላችሁ አንዷ ከበርጩማ እስከ በርጩማ ስምንት ግማሽ ዙር ሄደች። ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳትነቅል። ስትደርስ ቆመች፤ አልተንገዳገደችም። ዕንባዬ መጣ። ወደ ቀኝ ነበር የሄደችው። የፊታችን ቅዳሜ ጨርቁን ከሌላው ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ሁላችሁም በግራ ትጀምራላችሁ።