ያኖረኝ አጎቴ ያለ ኑዛዜ ሞተ፣ ከውርሱ መጠየቅ እችላለሁ?

እህቴ ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናሽ። የጻፍሽው ባጭሩ፦ ለንደን አጎትሽ ቤት 5 ዓመት ያለ ኪራይ ኖረሻል፣ የኮሌጅሽንም የሚከፍለው እሱ ነበር፣ አንቺ ደግሞ ምግብ ትሠሪለት ነበር ሲታመምም አስታመሻል፣ ሚስት የለውም፣ አሁን አንድያ ልጁ "አንቺ ወራሽ አይደለሽም ቤቱን ልቀቂ" ብሎሻል።

ወራሽ አለመሆንሽ ልክ ነው፣ ኑዛዜ ከሌለ ሁሉም ለልጁ ነው። ግን ወራሽ መሆንና ከውርሱ ላይ መጠየቅ ሁለት ነገር ነው። በኢንግላንድና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የውርስ ሕግ ሟቹ እስኪሞት ድረስ በሙሉም ይሁን በከፊል ሲያኖረው የነበረ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ይጠይቅ ይላል፣ የሥጋ ዝምድና እንኳን ግድ አይደለም። መጨረሻ ላይ ሁለት ወር ሆስፒታል መተኛቱም አያሳስብሽ፣ የሚታየው የቆየው አኗኗራችሁ ነው።

"እኔም እኮ አገለግለው ነበር፣ በልዋጩ ነው ቢሉኝስ" ያልሽው ድሮ እውነትም ያስቸግር ነበር፣ ማን ለማን በለጠ ተብሎ ይመዘን ነበር። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2014 ተሻሽሏል፣ አሁን ነገሩ እንደ ቢዝነስ ውል በክፍያ ካልነበረ በቀር ምግብ መሥራትሽና ማስታመምሽ አይቀነስብሽም። እንደ ቤተሰብ ተዛዝኖ መኖር ውል አይደለም፣ ይሄን በደንብ ያዢው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሕጉ የሚሠራው ሟቹ ዶሚሳይሉ ኢንግላንድና ዌልስ ከሆነ ነው፣ ይሄ ደግሞ ከፓስፖርት ጋር አንድ አይደለም፣ ለዘለዓለም መኖሪያዬ ብሎ የያዘው የት ነው ነው ጥያቄው። የኛ ሰው ደግሞ 30 ዓመት ኖሮም "አገሬ እገባለሁ" ይላል፣ የልጁ ጠበቃ ይቺን ሊይዛት ይችላል፣ ስለዚህ እዚሁ ለመቅረት እንደወሰነ የሚያሳይ ነገር ካለ አሁኑኑ ሰብስቢ። እሱ ያኖርሽ እንደነበር የሚያሳየውንም ያዢ፦ የባንክ ስቴትመንት፣ የኮሌጅ ደረሰኝ፣ የዋትሳፕ መልእክትም እንዳታጠፊ።

የምታገኚው ለመኖሪያሽ የሚበቃ ነው እንጂ የልጁን ድርሻ የሚያህል አይደለም፣ ዳኛው የንብረቱን መጠን፣ ያንቺንም የልጁንም ችግር፣ አጎትሽ ኃላፊነትሽን ምን ያህል እንደወሰደ ያያል።

ንብረቱን ለማስተዳደር የሚሰጠው ሕጋዊ ፈቃድ (በተለምዶ ፕሮቤት የሚሉት) ከወጣበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው ያለሽ፣ ካለፈ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እሱም ሁሌ አይገኝም። ልጁ የሚፈረም ወረቀት ካመጣልሽ ሶሊሲተር (ጠበቃ) ሳያየው እንዳትፈርሚ።